የባንድዊድዝ ኮንቨርተሮች ግምገማ፦ ስሌቱ ልክ ነው፣ የመረጡት ረድፍስ?

አዳማ ውስጥ የሆቴል ኔትወርክ የሚዘረጋ፣ የቢሮ ስልክ የሚያስገባ ወይም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ቴሌኮም የሚማር ሰው ከስልኩ ላይ ኮንቨርተር አያጣም። ኢ1ን (የቴሌኮም መስመር የአቅም ደረጃ ነው) ወደ ሜጋባይት፣ ኤስቲኤም-1ን (ከኢ1 በላይ ያለ ደረጃ) ወደ ሜጋቢት፣ ሜጋቢትን ወደ ኪሎባይት የሚቀይሩ ነጻ መሣሪያዎች ሞልተዋል። እዚህ የምናያቸው ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ጉግል ፍለጋ ውስጥ ያለው ሳጥን፣ አሃዶችን በረጅም ዝርዝር የሚደረድሩ ድረ ገጾች፣ እና ከኮምፒውተርና ከስልክ ጋር አብረው የሚመጡ ካልኩሌተሮች። ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ ያህል፦ ሦስቱም ማባዛትና ማካፈል ላይ አይሳሳቱም። ሰው የሚሳሳተው ረድፍ፣ ማለትም ከዝርዝሩ አሃድ፣ ሲመርጥ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ አንዳቸውም “ቆይ፣ ይሄ ነው የፈለግከው?” አይሉም።

ለዕለት ተዕለት ሥራ የጉግሉ ሳጥን ይበቃል። ከላይ ያለው ምርጫ “ዳታ ትራንስፈር ሬት” መሆኑን ማየት ብቻ ነው፤ “ዲጂታል ስቶሬጅ” የሚለው የመጠን እንጂ የፍጥነት አይደለም። ኪሎ ማለት 1,000፣ ኪቢ ማለት 1,024 አድርጎ ለይቶ ይሠራል፤ ይህን የማይለዩ ኮንቨርተሮች ስላሉ ቀላል ነገር አይደለም። አሃዱን ስትጽፉ አህጽሮቱን ትታችሁ ሙሉ ስሙን ጻፉ፤ ቢትን ከባይት የምትለየው አንዲት ፊደል ትልቅ ወይም ትንሽ መሆኗ ብቻ ስለሆነች በጥድፊያ መሐል ትጠፋለች። ጉድለቱ ኢ1፣ ቲ1፣ ኤስቲኤም የሚባሉት አሃዶች የሌሉት መሆኑ ነው። ሌላው፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል፤ መስመር የሚጠግን ሰው ደግሞ የሚፈልገው ልክ ያን ጊዜ ነው።

የጉግሉ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ለአንድ ክርክር ነው። ደንበኛው “10 ሜጋ እየከፈልኩ ፋይል የሚወርደው በ1 ነጥብ ምናምን ነው” ይላል። የቤትና የቢሮ መስመር “10 ሜጋ” ሲባል ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ የሞባይል ጥቅል “500 ሜጋ” ሲባል ግን ሜጋባይት ነው፣ ሰከንድ የሚባል ነገር የለበትም። 10 ሜጋቢት በሰከንድ ለ8 ሲካፈል 1.25 ሜጋባይት በሰከንድ ይሆናል። ኮንቨርተሩ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ደንበኛው ስክሪን ላይ የሚያየው ግን 1.25 አይደለም። በኢተርኔት ላይ እያንዳንዱ ሙሉ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) 1,460 ባይት የፋይሉን ዳታ ሲይዝ በሽቦው ላይ የሚወስደው ቦታ 1,538 ባይት ነው፤ ልዩነቱ የአይፒና የቲሲፒ ሄደር (ከዳታው ፊት የሚለጠፍ የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ) 40፣ የኢተርኔት ሄደርና ማረጋገጫ 18፣ ፕሪአምብል (ፓኬት መምጣቱን የሚያበስር ምልክት) 8፣ በፓኬቶች መካከል ያለው ክፍተት 12 ነው። 1,460 ለ1,538 ሲካፈል 94.9 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ ፍጥነቱ የተገደበው ሽቦው ላይ ከሆነ ከ1.25 የሚቀረው 1.19 አካባቢ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እያካፈለ “ሜጋባይት” ብሎ ስለሚጽፍ 1.13 ሆኖ ይታያል። ማንም አልሰረቀም። 1 ጊጋባይት ፋይል በዚሁ መስመር በወረቀት 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል፤ በተግባር 14 ደቂቃ ብሎ መንገር ይሻላል።

ይህችው 94.9 በመቶ ለምርመራም ትጠቅማለች። መስመሩ ከ100 ሜጋቢት በላይ ተከፍሎበት የፍጥነት መለኪያው 94 ላይ ከቆመ፣ ንቅንቅም ካላለ፣ ችግሩ ከአቅራቢው ይልቅ ግቢ ውስጥ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከመንገዱ አንዱ ጋ ያለ ፖርት በ100 ሜጋቢት እየሠራ ነው ማለት ነው። ባለ 100ው ኢተርኔት ከኬብሉ አራት ጥንዶች ሁለቱን ብቻ ይጠቀማል፤ ጊጋቢቱ አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሽቦ ክሪምፕ ሲደረግ (ከጫፉ ማያያዣ ጋር ሲጨመቅ) ካልያዘ፣ ወይም አንዱ ኬብል ለሁለት ክፍል ተከፍሎ ከተሰጠ (ይህን የሚያደርግ ኤሌክትሪሺያን በየሰፈሩ አለ) መስመሩ ሳይቋረጥ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ማረጋገጫው የስዊቹን መብራት ቀለም ወይም የኮምፒውተሩን “ሊንክ ስፒድ” ማየት ነው። ፍጥነት መለኪያውን አሥር ጊዜ መክፈት ምንም አይጨምርም።

ወደ ረጅም ዝርዝር ድረ ገጾች እንሂድ፤ ቁም ነገሩም አደጋውም ያለው እዚያ ነው። እነዚህ ገጾች ከሞደም ዘመን ጀምሮ ያለውን ሁሉ ያግተለትሉታል፤ አይኤስዲኤን፣ ኦሲ-3፣ ኤስቲኤም-16፣ የአሜሪካው ቲ ቤተሰብ፣ የቆየ የሃርድ ዲስክ ገመድ ሳይቀር። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው የአውሮፓውን ኢ ቤተሰብ ነው፤ ተማሪው ግን ዝርዝሩ ውስጥ “ኢ1” ብሎ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ አያገኝም። “ኢ.ፒ.ቲ.ኤ. 1” የሚል ረድፍ ነው ያለው፤ ነገሩ ኢ1 ራሱ ነው። ያላወቀ ሰው ከጎኑ ያለውን ቲ1 ይመርጥና 1.544 ሜጋቢት ይዞ ይወጣል። የሚፈልገው 2.048 ነበር። በኪሎባይት ሲታይ 193 እና 256 በሰከንድ ነው፤ ሩብ ያህል አቅም በአንድ ምርጫ ጠፋ።

ኢ.ፒ.ቲ.ኤ. 1 ራሱ ሁለት ረድፍ አለው፤ አንዱ “ሲግናል”፣ ሌላው “ፔይሎድ”። ልዩነቱን ገጹ አያስረዳም፤ እኛ እናስረዳ። ኢ1 በ32 ታይም ስሎት የተከፈለ ነው። አንዱ ስሎት 8 ቢት ይዞ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ 64 ኪሎቢት፣ ማለትም አንድ የስልክ ድምፅ ነው። 32 ጊዜ 64 ሲባል 2,048 ኪሎቢት፤ ሲግናል የሚለው ይህ ነው፣ በሽቦው ላይ የሚሮጠው ሁሉ። ስሎት 0 ለማመሳሰል ይያዛል፣ ስሎት 16 በተለምዶ ጥሪ ለሚያዘጋጀው ሲግናሊንግ ይሄዳል፤ የቀሩት 30ዎቹ 1,920 ኪሎቢት ይሆናሉ፤ ፔይሎድ የሚለው ይህ ነው። ለፒቢኤክስ (ለቢሮ የውስጥ ስልክ ማዞሪያ) የሚገባ ኢ1 ከሆነ ትክክለኛው ረድፍ ፔይሎድ ነው፤ 30 ጥሪ በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ በላይ የለም።

ግን ኢ1ን ለዳታ የሚጠቀም ሰውስ? ጥሪ የሚያዘጋጅ ስለሌለ ስሎት 16 ነጻ ነው፤ የሚቀነሰው ስሎት 0 ብቻ ይሆንና 31 ጊዜ 64፣ 1,984 ኪሎቢት ይቀራል። መስመሩ ፍሬም የሌለው፣ ማለትም በስሎት ያልተከፈለ ከሆነ ደግሞ 2,048ቱ ሙሉ በሙሉ ለዳታ ነው። ሦስት እውነተኛ ቁጥሮች አሉ ማለት ነው፤ በባይት 256፣ 248 እና 240 ኪሎባይት በሰከንድ። ያየናቸው ዝርዝሮች መሐከለኛውን አያውቁትም። የእነዚህ ገጾች ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው፤ ኢ1 ራውተር ላይ የሚሰካ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያገኘው ቁጥር 1,984 ነውና። በአንድ ጫፍ ያለው ራውተር በፍሬም፣ የሌላው ጫፍ ያለ ፍሬም ከተዋቀረ ሊንኩ ጨርሶ አይነሣም፤ ኬብሉን ከመቀያየር በፊት ይህን ቅንብር ማየት ነው።

2,048 የምትለዋ ቁጥር ሌላም ወጥመድ አላት። የ1,024 እጥፍ ስለምትመስል ብዙ ተማሪ “2 ሜቢቢት” ብሎ ይሄድባታል። አይደለችም፤ 2,048,000 ቢት ናት፣ ኪሎው የ1,000 ነው። 2 ሜቢቢት 2,097,152 ቢት ነው። 2.048 ሜጋቢትን ወደ ሜቢቢት ስትቀይሩ 1.953125 ካልመጣ ኮንቨርተሩ የ1,000ን ኪሎ ከ1,024ቱ ጋር ቀላቅሏል፤ ሌላ ፈልጉ። አዲስ ኮንቨርተር ለመፈተን ከዚህ የሚያጥር መንገድ የለም።

የቲ ቤተሰብ ረድፎችን እዚህ አገር የሚነካቸው የለም ማለት ይቻላል። የመጽሐፍ ጥያቄ ለሚሠራ ተማሪ ግን፦ የቲ1 ሲግናል 1.544 ነው፤ 24 ቻናል በ8 ቢት 192፣ አንድ የፍሬም ቢት ተጨምሮ 193፣ ጊዜ 8,000። ዝርዝሩ “ፔይሎድ” ብሎ 1.344 ከሰጠ አትደንግጡ፤ ድሮ ከቻናሉ ቢት እየተሰረቀ ለሲግናሊንግ ይውል ስለነበር ቻናሉን 56 ኪሎቢት አድርጎ ቆጥሮት ነው። 64 ሲደረግ 1.536 ነው።

ከኢ1 ወደ ላይ ስትወጡ ኮንቨርተሩ ልክ የሆነ መልስ ሰጥቶ የተሳሳተ ዕቃ ያስገዛችኋል። አንድ ኤስቲኤም-1 ስንት ኢ1 ይይዛል ብላችሁ ስትጠይቁት 75.9375 ይላል። 155.52ን ለ2.048 አካፍሎ ነው፤ ሒሳቡ እንከን የለበትም። እውነተኛው መልስ 63 ነው። የኤስቲኤም-1 ፍሬም 270 ዓምድና 9 ረድፍ ባይት ሆኖ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይላካል፤ 155.52 የመጣው ከዚያ ነው። ከዓምዶቹ 9ኙ ለትራንስፖርቱ ሄደር ይሄዳሉ። በቀረው ውስጥ እያንዳንዱ ኢ1 የራሱ መያዣ፣ የራሱ ሄደርና የራሱ ጠቋሚ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ መያዣዎቹ ሦስት በሰባት በሦስት ሆነው ይደረደራሉ፣ 63። የቢት ብዛታቸው 129.024 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ የተረፈው ማሸጊያ ነው። 70 ኢ1 የሚፈልግ ፕሮጀክት በኮንቨርተሩ ቁጥር “አንድ ኤስቲኤም-1 ይበቃል” ተብሎ ከተጻፈ ሰባቱ ቦታ አያገኙም። በዚያው ኤስቲኤም-1 ኢ1 ሳይሆን አንድ ሙሉ የዳታ ፍሰት ቢጫን ደግሞ 149.76 ሜጋቢት ይገኛል። ያው ፋይበር፣ ያው ፍጥነት፤ የሚገኘው አቅም ግን እንደ አጫጫኑ ይለያያል።

ከኤስቲኤም በፊት በነበረው የፒዲኤች ደረጃም (ኢ1ዎች ወደ ኢ2፣ ኢ3፣ ኢ4 የሚጠቃለሉበት) እንዲሁ ነው። አራት ኢ1 አንድ ኢ2 ይሆናል፤ 4 ጊዜ 2.048 ግን 8.192 ነው፣ ኢ2 ደግሞ 8.448። አራቱ ኢ1ዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሰዓት ስለሚሮጡ፣ የፈጠነውና የዘገየው የሚታረቅበት ትርፍ ቢት ያስፈልጋል። ኢ3 34.368፣ ኢ4 139.264 የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኮንቨርተር ላይ “1 ኢ2 = 4.125 ኢ1” ሲመጣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ጣሉት።

አሁን አዳማ ላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ቦታ። የስብሰባ ሆቴሎችና ትልልቅ ቢሮዎች የድሮውን የኢ1 ፒቢኤክስ ወደ ሲፕ ትራንክ (በአይፒ ኔትወርክ ላይ ወደሚሄድ የስልክ መስመር) ሲያዛውሩ “30 ቻናል ነበረን፣ ስንት ሜጋ እንጠይቅ?” ይባላል። ኮንቨርተሩ 30 ጊዜ 64 ብሎ 1.92 ሜጋቢት ይሰጣል፤ 2 ሜጋ ይጠየቃል፤ ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም መደወል ሲጀምር ድምፁ ይቆራረጣል። ምክንያቱ፣ ድምፅ በአይፒ ሲሄድ በየ20 ሚሊሰከንዱ ተቆርጦ ፓኬት ውስጥ ይገባል። በጂ.711 ኮዴክ (ድምፁን ወደ ዲጂታል ዳታ የሚቀይር ዘዴ) አንዱ ቁራጭ 160 ባይት ነው፤ የአርቲፒ ሄደር 12፣ የዩዲፒ 8፣ የአይፒ 20 ሲጨመር 200 ይሆናል፤ የኢተርኔቱ 18 ሲታከል 218። በሰከንድ 50 ፓኬት ነውና 218 ጊዜ 8 ጊዜ 50፣ 87.2 ኪሎቢት። አንድ ጥሪ 64 ሳይሆን 87.2 ነው። ሠላሳው 2.616 ሜጋቢት ይሆናል፤ ያውም በእያንዳንዱ አቅጣጫ። የሚያወርደው ብዙ፣ የሚልከው 1 ሜጋቢት ብቻ በሆነ መስመር ላይ በዚህ ኮዴክ የሚያልፈው 11 ጥሪ ነው። ድምፁን አብልጦ በሚጨምቀው ጂ.729 ኮዴክ ከሆነ አንዱ ጥሪ 31.2 ኪሎቢት፣ ሠላሳው 936 ኪሎቢት ይሆናል፤ ቁጠባው ትልቅ ነው፣ ግን ፋክስ በጂ.729 አያልፍም፤ ባንክና ጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ያላችሁ ይህን አስቡ። ያየናቸው ኮንቨርተሮች ይህን አይሠሩም። ለዚህ የተለየ የቮይፕ (ድምፅ በአይፒ) ባንድዊድዝ ካልኩሌተር አለ፤ ሥራችሁ ስልክ ከሆነ የምትይዙት እሱን ነው።

የሲግናልና የዳታ መምታታት ዕቃ ላይም ይታያል። የጊጋቢት ፋይበር ኤስኤፍፒ (ፋይበሩን ከስዊች ጋር የሚያገናኝ ተሰኪ ዕቃ) ላይ “1.25ጂ” ተብሎ ይጻፋል። ገዢው ወደ ኮንቨርተር ወስዶ 156.25 ሜጋባይት በሰከንድ ያወጣል። 1.25ቱ በፋይበሩ ላይ የሚሮጠው ሲግናል ነው፤ እያንዳንዱ 8 ቢት ዳታ ወደ 10 ቢት ተቀይሮ ስለሚላክ ከእሱ ዳታው 1 ጊጋቢት፣ ማለትም 125 ሜጋባይት ብቻ ነው። ባለ 5 ጊጋቢቱ ዩኤስቢም ያው ነው፤ በዚሁ የ8 ለ10 አላላክ 4 ጊጋቢት፣ 500 ሜጋባይት ይቀራል። ዝርዝሮቹ ውስጥ “ዩኤስቢ” ብቻ የሚል ረድፍ ካገኛችሁ መጀመሪያ ወደ ሜጋቢት ቀይሩት፤ 12 ካለ የመጀመሪያው ትውልድ ነው፣ 480 ካለ ሁለተኛው። ዛሬ ለምትገዙት ዲስክ ሁለቱም አይጠቅሙም።

ካልኩሌተሮቹ ጋ ብዙ አንቆይም። የዊንዶውስ ካልኩሌተር “ዳታ” የሚለው ክፍል መጠንን እንጂ ፍጥነትን አይቀይርም፤ ቢሆንም ሰከንዱ በሁለቱም ወገን ያው ስለሆነ ሜጋቢትን ወደ ሜጋባይት ብትቀይሩበት መልሱ ለፍጥነትም ይሠራል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ማስታወቂያ የለውም፤ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ለብዙ ሰው በቂ ምክንያት ናቸው። ከአፕ ስቶር የሚወርዱ አፖች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ፤ አንዳንዶቹ “ኪሎባይት” ብለው የ1,024ቱን ያሰላሉ፣ አንዳንዶቹ መልሱን ወደ ሁለት አሃዝ ያጠጋጋሉ። ትንሽ ቁጥር ላይ አይታወቅም። ጊጋ ላይ ሲደርስ የ1,000 እና የ1,024 ልዩነት 7.4 በመቶ፣ ቴራ ላይ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል።

ቴራ ላይ የሚያደርሰው የደህንነት ካሜራ ነው። 16 ካሜራ፣ እያንዳንዱ 4 ሜጋቢት በሰከንድ የሚቀርጽ፣ 64 ሜጋቢት፤ ለ8 ሲካፈል 8 ሜጋባይት በሰከንድ፤ ቀኑ 86,400 ሰከንድ ነውና በቀን 691.2 ጊጋባይት። አንድ ባለ 4 ቴራ ዲስክ 5.8 ቀን ያህል ይይዛል፤ የ30 ቀን ቀረጻ ወደ 20.7 ቴራ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ለ8 ማካፈሉን የረሳ ሰው 166 ቴራ የሚል ፕሮፎርማ ያወጣል፤ እንዲህ ያለ ፕሮፎርማ ላይ ፊርማ የሚያኖር አለቃም አለ። በተቃራኒው ዲስኩ ተሰክቶ 3.64 ሲያሳይ “ጎደለ” ብሎ ወደ ሱቅ የሚመልስ አለ። አልጎደለም፤ ሻጩ በ1,000፣ ማሽኑ በ1,024 ቆጠሩት። ቀኑን ስታሰሉ ወይ ሁለቱንም በ1,000፣ ወይ ሁለቱንም በ1,024 አድርጉ፤ 3.64ን ለ691.2 ካካፈላችሁ ዲስኩ ግማሽ ቀን ያጥርባችኋል።

ምርጫችን እንዲህ ነው፦ ለቢትና ባይት የጉግሉ ሳጥን፣ ኔት በሌለበት የዊንዶውሱ ካልኩሌተር። ረጅሙን ዝርዝር የምንከፍተው ለኢ እና ለኤስቲኤም ብቻ ነው፤ ያኔም ውጤቱን ከነረድፉ ስም እንገለብጣለን፣ “2.048፣ ሲግናል” ወይም “1.920፣ ፔይሎድ” ብለን። ቁጥሩ ብቻውን ወደ ጨረታ ሰነድ ከገባ በኋላ የትኛው እንደነበር የሚያውቅ አይገኝም። የእነዚህ ገጾች ማስታወቂያ በስልክ ሲከፈት “ቀይር” የሚለውን ቁልፍ የሚመስል ሌላ ቁልፍ ከላይ ያስቀምጣል፤ አሃዱን ስትመርጡ መልሱ ራሱ ስለሚወጣ ምንም ቁልፍ መጫን አያስፈልግም።